ጠላዬ ጋኑ በተከፈተ በሦስተኛው ቀን ኮመጠጠ፤ የሰርጉን እንዴት ላቆየው?

ሽምብጥ_ዳር
እንደምን ዋላችሁ። ባሕር ዳር ሽምብጥ ነው ያለሁት። ወንድሜ ለዳግማይ ትንሣኤ ያገባል። እኔ ደግሞ ቤተ ዘመድ በተሰበሰበበት "ጠላውን ለእኔ ተዉት" ብዬ አረፍኩት። እናቴ ስትጠምቅ እያየሁ ነው ያደግኩት። ማየትና መሥራት ለየቅል መሆናቸው ግን አሁን ነው የገባኝ።

ለሙከራ 40 ሊትር ገደማ ጠመቅሁ። ዳጉሳው የመራዊ ነው፣ ጌሾው ከቅዳሜ ገበያ። ጥንስሱ ጥሩ፣ ድፍድፉ ጥሩ። ውኃ ሞልቼ መረግሁትና በሳምንቱ ስከፍተው ሽታው ብቻውን ያሰክራል። ጎረቤት ጠራሁ። መረቁኝ፣ አንዷ እንዲያውም "የእናትሽ እጅ ነው" አለችኝ። በማግስቱም ደህና ነበር። በሦስተኛው ቀን አፍ ያዘ። በአራተኛው ቀን ለሰላጣ ካልሆነ ለምንም አይሆንም።

ይኼ ሳያንስ ገና እንደተከፈተ ግማሹን ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውስጥ ቀድቼ፣ ጋዝ ይኑረው ብዬ ስኳር ጨምሬበት፣ ክዳኑን ጥርቅም አድርጌ ዘግቼው ነበር። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ጓ! ባለቤቴ ሌባ መስሎት ዱላ ይዞ ወጣ። ክዳኑ ኮርኒሱን መትቶ አልጋ ሥር ገብቶ ነው ያገኘነው፣ ኮርኒሱ እስከ ዛሬ ቡናማ ነው።

ለሰርጉ 60 ሰው እንጠብቃለን፤ 120 ሊትር ብዬ አስቤያለሁ። የሰርጉ ዕለት፣ የመልሱና የቅልቅሉ ነው። ቤታችን ቆርቆሮ ነው፣ የሚያዝያን ሙቀት ደግሞ ታውቁታላችሁ። ምን ላድርግ?

ድራፍት_ብቻ
ሁለት በርሜል ድራፍት እዘዢና ተኚ።

ጋን_ሰባሪ
@ድራፍት_ብቻ አንተ ሰርግ ተጠርተህ ታውቃለህ? ጎጃም ውስጥ ጠላ የሌለበት ሰርግ ስብሰባ ይባላል እንጂ ሰርግ አይባልም።

እህቴ፣ ኮርኒሱን በተመለከተ ብቻሽን አይደለሽም። የእኔ ጀሪካን ተነፋፍቶ እንደ ኳስ ሆኖ ነበር፤ ቀስ ብዬ ልክፈተው ስል ግማሹ ጠላ ሸሚዜ ላይ ቀረ። ለምን እንደሚኮመጥጥ የሚያውቅ ሰው ይንገረን፣ እኔም ለማወቅ ነው የተቀመጥኩት።

የእትዬ_ቤት
ሰላም ሽምብጥ። እናቴ አጠገቤ ተቀምጣለች፣ የጻፍሽውን አነበብኩላት። ከ20 ዓመት በላይ ጠላ ሸጣ ነው ያሳደገችን፣ ስለዚህ የምጽፈው የእሷን ቃል ነው። መልስ ከመስጠቷ በፊት አራት ነገር ትጠይቅሻለች። ጋኑን በምን አጠብሽው? በምን አጠንሽው? ስትቀጂ በምን ቀዳሽ? በየሰው ጣሳ የተረፈውን ምን አደረግሽው?

ሽምብጥ_ዳር
እሺ እማማ። በግራዋ አጠብኩት፣ በወይራ አጠንኩት፣ እዚህ ላይ አልታማም። የቀዳሁት በፕላስቲክ ጆግ ነው። ማለት እኔም ቀዳሁ፣ ልጆቹም ቀዱ፣ የባለቤቴ ጓደኞችም ራሳቸው እየተነሱ ቀዱ። የተረፈው... ጆጉ ውስጥ የቀረውን መልሼዋለሁ፣ መድፋት ነውር መስሎኝ።

የእትዬ_ቤት
"መለሰችው?" አለችኝ። ከዚያ ዝም አለች። ከዚያ ሳቀች።

በሏ ስሚ። እናቴ የምትለው እንዲህ ነው። ከጋን የወጣ ጠላ ወደ ጋን አይመለስም። ጣሳ የነካው፣ እጅ የነካው፣ አየር ላይ የዋለው ሁሉ ወጥቶ ቀረ። የተረፈ ካለ ለራሱ ዕቃ አጠራቅመሽ በዚያው ማታ ጠጪው ወይ ለከብት ስጪው። እሷ ቤት ጋን ውስጥ እጁን የሚያስገባ አንድ ሰው ነው፣ እሷ ራሷ። መቅጃዋ እጀታው ረጅም ቅል ነው፤ በየማታው ታጥቦ ከወይራ ጭስ በላይ ተደፍቶ ያድራል። እኔ በአሥራ አራት ዓመቴ አንድ ቀን ሳላስፈቅድ በብርጭቆ ቀድቼ የደረሰብኝን እዚህ አልጽፈውም።

ሁለተኛው ነገር ደግሞ ዋናው ነው ትላለች። ብዙ ሰው የጠላ ቤት ጠላ የማይኮመጥጠው ባለሙያ ስለጠመቀው ይመስለዋል። አይደለም። ስለሚያልቅ ነው። እናቴ ጋን ከከፈተች በዚያው ቀን፣ ቢበዛ በማግስቱ ያልቃል። ሌላው ጋን እስከዚያ አፉ እንደተመረገ ነው። አንቺ አንድ ጋን ከፍተሽ ለአራት ቀን ቀዳሽው። የማንም ጠላ ቢሆን ይኮመጥጣል፣ የእሷም ጭምር።

ስለዚህ ለሦስት ቀን ድግስ ሦስት አፍ ያስፈልግሻል። ለሰርጉ ትልቁ ጋን፣ ለመልሱ እንስራ፣ ለቅልቅሉ ሌላ። አንዱ ሳያልቅ ሌላው አይነካም።

ኬሚስቱ
የእትዬ እናት ያሉት ልክ ነው፣ እኔ ምክንያቱን ልጨምርበት። ምግብ ነክ ነገር ነው የተማርኩት፣ ትንሽ ከረዘመ ይቅርታ።

ጠላ በሕይወት ያለ መጠጥ ነው። የፋብሪካ ቢራ አብዛኛውን ጊዜ ተጣርቶ፣ በሙቀት ተገድሎ ነው ጠርሙስ የሚገባው። ጠላ ውስጥ ግን እርሾው አለ፣ ከእርሾው ጋር ደግሞ ያልተጋበዙ ባክቴሪያዎች አሉ። እነሱም ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ የእርጎ ዓይነት ጎምዛዛነት የሚያመጣው ነው፤ እሱ አየር አይፈልግም፣ ሙቀት ካገኘ ይበቃዋል፣ ትንሽ ትንሽ ሲሆን እንዲያውም ለጠላ ጣዕም ይሰጠዋል። ሌላው ኮምጣጤ የሚሠራው ነው። እሱ አልኮሉን ራሱን በልቶ ነው ወደ ኮምጣጤ የሚቀይረው፣ ለዚህ ሥራው ደግሞ የግድ አየር ያስፈልገዋል። ሽምብጥ የገለጸችው "ለሰላጣ" የሚለው ሽታ የሁለተኛው ነው። አፍንጫ ላይ ወጋ የሚያደርግ ከሆነ አየር ገብቷል ማለት ነው።

አሁን ጋኑን አስቡት። እንደተመረገ ከጠላው በላይ ያለው ባዶ ቦታ እርሾው በሚያወጣው ጋዝ የተሞላ ነው። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ እንደ ብርድ ልብስ ላዩ ላይ ይተኛል። ከፍታችሁ በጆግ ስታማስሉት ያ ልብስ ይገፈፋል። የቀዳችሁትን ያህል ቦታ ደግሞ አየር ይተካል። ጋኑ ግማሽ ሲደርስ ግማሹ ጋን አየር ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጣሳና የመጨረሻው ጣሳ አንድ ዓይነት ጠላ አይደሉም።

ስለ ፍንዳታውም ሒሳቡን ላሳያችሁ። በአንድ ሊትር ጠላ 4 ግራም ስኳር፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ፣ ሲብላላ አንድ ሊትር ያህል ጋዝ ይወጣዋል። ስንት ነው የጨመርሽው?

ሽምብጥ_ዳር
ግማሽ ኪሎ 🙈

ኬሚስቱ
እግዚአብሔር ይወድሻል። ለ20 ሊትር ግማሽ ኪሎ ማለት በሊትር 25 ግራም ነው። ሁሉም ቢብላላ ከ120 ሊትር በላይ ጋዝ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውስጥ። ክዳኑ ባይወጣ ጀሪካኑ ራሱ ነበር የሚቀደደው። ጠርሙስ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን አትጽፊም ነበር።

ጋን_ሰባሪ
ስለዚህ ኮርኒሱ በሒሳብ ነው የቆሸሸው ማለት ነው።

የሊድሱ
ይህን ሳነብ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፣ ምክንያቱም እንግሊዝ አገር ሊድስ ውስጥ አንድ መጠጥ ቤት ምድር ቤት ውስጥ አራት ዓመት የሠራሁት ይኼንኑ ሥራ ነው። ጠላ አይደለም፣ ሪል ኤል ይሉታል። ሳይጣራና ሳይገደል ከነእርሾው በርሜል ውስጥ የሚገባ ቢራ ነው፤ እዚያው በርሜሉ ውስጥ እየበሰለ ቆይቶ ያለ ተጨማሪ ጋዝ ይቀዳል። በ1971 በእነሱ አቆጣጠር ካምራ የሚባል የጠጪዎች ማኅበር የተቋቋመው ይህ ቢራ በፋብሪካው ጋዛም ቢራ ተውጦ እንዳይጠፋ ነው። የእኛ ሰው ለጠላ እንዲህ ዓይነት ማኅበር ቢያቋቁም ብዬ ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ፣ ግን ያው ማኅበርማ አለን፣ ጠላውም እዚያው ነው የሚጠጣው።

ወደ ነገሩ ልመለስ። በርሜሉ ሁለት ቀዳዳ አለው። አንዱ ከፊት ወደ ታች፣ ቧንቧው በመዶሻ የሚመታበት። ሌላው ከላይ ሆዱ ላይ፣ ትንሽ የእንጨት ውታፍ የሚሰካበት። ሁለት ዓይነት ውታፍ አለ። ለስላሳው ጋዝ ያሳልፋል፤ ቢራው ገና ሲፈላ እሱን ይሰኩበታል፣ ትርፍ ጋዙ ቀስ እያለ ይወጣል። ሲረጋጋ ጠንካራውን ይሰኩና ያፍኑታል። በየማታው መጠጥ ቤቱ ሲዘጋ ጠንካራውን መሰካት የእኔ ሥራ ነበር። አንድ ቀን ረስቼ አድሬ ጠዋት አለቃዬ ቀምሶ ዝም ብሎ አየኝ። ከዚያ ወዲህ አልረሳሁም።

ምድር ቤቱ ከ11 እስከ 13 ዲግሪ ነው። በረዶ የሚያህል ቅዝቃዜ አይደለም፣ ግን ባሕር ዳር ውስጥ ያለ ፍሪጅ አይገኝም። በርሜሉ ከመጣ በኋላ ሳይነካ አንድ ቀን ወይ ሁለት ቀን ይቀመጣል፣ አተላው እንዲዘቅጥ። ከተከፈተ በኋላ ደግሞ ስንት ቀን መሰላችሁ የሚሰጠው? ሦስት ቀን። 12 ዲግሪ ላይ፣ በንጹሕ ምድር ቤት፣ ሦስት ቀን። ስለዚህ እህቴ፣ በ28 ዲግሪ ከልጆች ጋር እየተጋፋሽ ሁለት ቀን ማቆየትሽ ራሱ ጎበዝ ነሽ።

ብልጥ መጠጥ ቤት ምን ያደርጋል መሰላችሁ፤ ትልቅ በርሜል አይገዛም። በሦስት ቀን የሚያልቅለትን ልክ ይገዛል። ብዙዎቹ ፈርኪን የሚሉትን ትንሹን ነው የሚመርጡት፣ 41 ሊትር ገደማ ይይዛል። የእትዬ እናት "ሦስት አፍ" ያሉት ይኼ ነው።

ቆሎ_ተማሪ
@የሊድሱ እንዴት ነው የሚጠልለው ያ ቢራ? በነጠላ?

የሊድሱ
አይጠልልም፣ ይዘቅጣል። እርሾውን ወደ ታች የሚጎትት ነገር ይጨመርበታል፤ ከዓሣ ሆድ ዕቃ፣ በአየር ከሚሞላው ከረጢቱ ነው የሚሠራው። አሁን ያለ እሱ የሚሠሩም አሉ።

ቆሎ_ተማሪ
ከዓሣ?! ስለዚህ በጾም አይጠጣማ።

ዘጌ_ቡና
ጣና ዳር ተቀምጠህ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ልትከፍትብን ነው? እባክህ ይቅርብን፣ ያለፈው ጊዜ ሦስት ገጽ ሄዷል። አምባዛ ከጠላ ጋር እንጂ ጠላ ውስጥ አይገባም፣ አለቀ።

እኔ ስለ ጌሾው ልበል። ስሜ እንደሚለው ዘጌ ነኝ። ቡና ብቻ የሚመስላችሁ ብዙ ናችሁ፣ ጌሾውም ከጓሯችን ነው፤ ቡናና ጌሾ አብረው ነው ባሕር ዳር የሚወርዱት። ሽምብጥ፣ ቅዳሜ ገበያ የገዛሽው ቅጠሉ ምን ይመስል ነበር? አረንጓዴነቱ ጠፍቶ ቡናማ ሆኖ በእጅ ሲታሽ ሽታ የሌለው ከሆነ ከርሟል፣ መራራነቱ ሄዷል። ጌሾ ጠላውን መራራ ለማድረግ ብቻ አይደለም የሚገባው፤ መራራው ነው ባክቴሪያውን የሚያዳክምልሽ። ፈረንጆቹ ሆፕ የሚሉት ተክል ለእነሱ ቢራ የሚሠራውን ነው ለእኛ የሚሠራው። ለቶሎ የሚጠጣ ጠላ ጌሾ ቢያንስም ግድ የለም። ለሚቆይ ግን ቆንጠር አታድርጊ፤ ቅጠሉን ለጥንስስ፣ እንጨቱን ለድፍድፍ፣ ሁለቱንም ጨምሪ። የሰው ሁሉ አፍ ጣፋጭ ስለለመደ ጌሾ እየቀነሱ ጠላ አይቆይም ማለት አይገባኝም።

ሽምብጥ_ዳር
ቅጠሉ ቡናማ ነበር። ርካሽ ስለነበር ገዛሁት።

ዘጌ_ቡና
አየሽ።

ድራፍት_ብቻ
እኔ እምለው፣ ፕላስቲክ በርሜል ላይ ምን ችግር አለ? ጋን ይሰበራል፣ ጋን ይከብዳል፣ ጋን ውድ ሆኗል። የእኔ አክስት በሰማያዊ በርሜል ነው የምትጠምቀው፣ ማንም አልሞተም።

ኬሚስቱ
ፕላስቲክ በራሱ ጠላት አይደለም። ጥያቄው ከዚያ በፊት ምን ነበረበት ነው። ገበያ ላይ የሚሸጡት ሰማያዊ በርሜሎች ብዙዎቹ ኬሚካል የመጣባቸው ናቸው፤ በኦሞ ብታጥቧቸውም ፕላስቲኩ የጠጣውን አይመልስም። የዘይት ጀሪካንም ሽታውን አይለቅም፣ ዘይቱ ደግሞ አረፋውን ይገድላል። ለምግብ ተብሎ የተሠራ አዲስ ዕቃ ከሆነ ችግር የለውም። ብቻ በሽቦ አትፈትጉት፤ ጭረቱ ውስጥ ባክቴሪያ ይሸሸጋል፣ ከዚያ ምንም ብታጥቡት አይወጣም።

ከሁሉ የባሰው ግን ዚንክ የተቀባ የብረት በርሜል ነው። ጠላ ጎምዛዛ ስለሆነ ዚንኩን ያሟሟዋል። ጠጪው ሆዱን ይታመማል፣ ያስመልሰዋል፣ ከዚያ ጠማቂዋ ትታማለች። ውኃ አስቀምጡበት፣ ጠላ ግን በፍጹም።

ለጋን የማደላው በሌላ ምክንያት ነው። ሸክላ ያልበዋል። በግድግዳው ዘልቆ የሚወጣው እርጥበት ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። እኔ ቤቴ በቴርሞሜትር ለክቼዋለሁ። በመጋቢት ክፍሉ 28 ዲግሪ ሲሆን፣ እርጥብ ጆንያ የለበሰ እንስራ ውስጥ ያለው ጠላ 21 ነበር። ከጎኑ ያለው ጀሪካን 27። ልዩነቱ ይኼ ነው። በክረምት ግን አትሞክሩት፣ አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ አይተንም።

የእትዬ_ቤት
እናቴ 21 ዲግሪ ምን እንደሆነ አታውቅም፣ ግን "ጆንያውን ከየት ሰማ?" አለች። እሷ የምታደርገው እንዲህ ነው። ጓዳው ጥግ፣ ፀሐይ የማያየው ግድግዳ ሥር፣ መሬቱን ትንሽ ትቆፍርና አሸዋ ታደርጋለች። ጋኑ እስከ ሩብ ድረስ አሸዋው ውስጥ ይቀመጣል። ጠዋትና ማታ አሸዋውን ውኃ ታጠጣለች፣ ከላይ እርጥብ ጆንያ ታለብሳለች። ማታ ማታ የጣና ነፋስ እንዲገባ መስኮቱን ትከፍታለች። አፉን በኮባ ቅጠል ሸፍና በጭቃ ትመርገዋለች። ጭቃው ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ በየቀኑ ዳብሳ እርጥብ ጭቃ ትደርብበታለች። "ምርጉን የማያይ ጠላው ይኮመጥጥበታል" ትላለች።

ስኳር ደግሞ ስትሰማ ተቆጣች። ስኳሩን ብቅሉ ያመጣዋል፣ ምን አስቸኮላት አለች።

የሊድሱ
አንድ ነገር ረስቼ። ወደ ትንንሽ ዕቃ የምትገለብጪ ከሆነ ካለቀ በኋላ አትገልብጪው። ገና ጉሽ ሳለ፣ እየፈላ ሳለ ገልብጪው። ስትገለብጪ የገባውን አየር እርሾው ራሱ ይጠቀምበታል፣ ከዚያ በኋላ የሚወጣው ጋዝ ደግሞ የቀረውን ገፍቶ ያስወጣል። እስከ አፉ ሙይው። ጀሪካን ከተጠቀምሽ ክዳኑን ብሺና ቀጭን የላስቲክ ቱቦ አስገቢ፣ ዙሪያውን በሰም ድፈኚ። የቱቦውን ሌላ ጫፍ ውኃ ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ንከሪ። ጋዙ ቡል ቡል እያለ ይወጣል፣ አየር አይገባም፣ ኮርኒስሽም ይተርፋል። ያ ለስላሳ ውታፍ ማለት ነው።

ዘጌ_ቡና
መጓጓዣውንም አስቢበት። ዳሱ እቤትሽ ነው ወይስ ሌላ ቦታ?

ሽምብጥ_ዳር
የወንድሜ ቤት ነው፣ ቀበሌ 14። በባጃጅ ነው የማደርሰው።

ዘጌ_ቡና
በኮብልስቶን? እንግዲያው ከአንድ ቀን በፊት አድርሺው። እኛ ለማኅበር ከባሕር ዳር በጀልባ ጠላ አስመጥተን እናውቃለን። ማዕበል ነበር። እንደደረሰ ቀዳነውና ድፍርስርስ ያለ ጭቃ ነው የጠጣነው፣ ሆዳችን እስከ ማታ ሲንጫጫ ዋለ። ያው ጠላ በማግስቱ ጥርት ብሎ ሌላ ሆኖ ተገኘ። የተናወጠ ጠላ አንድ ሌሊት ይተኛ።

ሽምብጥ_ዳር
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንግዲህ የያዝኩት ይኼ ነው። 60 ሊትር ጋን ለሰርጉ፣ ሁለት ባለ 20 እንስራ ለመልሱ፣ አንድ ባለ 20 አዲስ ጀሪካን ከነቱቦው ለቅልቅሉ። ጌሾ ከዘጌ። ስኳር የለም። እማማ፣ የምቀዳው እኔ ብቻ ነኝ።

ጋን_ሰባሪ
ሰርግ ላይ አንቺ ብቻ? አጎቶችሽን ታውቂያቸዋለሽ?

ሽምብጥ_ዳር
(ከሦስት ሳምንት በኋላ)
ይቅርታ ዘገየሁ፣ አሁን ነው ራሴን ያገኘሁት። እንዴት ሆነ ላላችሁኝ ሁሉ እነሆ።

ጋኑ በዋዜማው ደርሶ አደረ። ጠዋት ምርጉን ሳነሣ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። እንደ ወጉ መጀመሪያ መዳፌ ላይ አንጠብጥቤ ቀመስኩ። ሳልናገር ለእናቴ አቀበልኳት። ቀመሰች፣ ጣሳውን ጨረሰችው፣ "ቅጂ" አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም፣ ለእኔ ግን ይኼው ይበቃል።

60 ሊትሩ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ አለቀ። አሥር ሰዓት! ያሰብኩት እስከ ማታ ነበር። ሰው እየመጣ "ጨምሪልን" ሲል አንዱን እንስራ ልከፍት ተነሣሁ። እትዬ ትዝ አሉኝና ተቀመጥኩ። ማታ ለመጣው ሰው ቢራ ተገዛ። @ድራፍት_ብቻ ደስ ይበልህ።

የመልሱ ዕለት አንደኛው እንስራ እንደ ጋኑ ነበር፣ እንዲያውም ትንሽ ከርሮ ተሻለ። ሁለተኛው ግን ጉድ አደረገኝ። ለእንግዶቹ ዳቦ ልቆርስ ለአሥር ደቂቃ ዞር ስል አንድ አጎቴ (ስሙ ይቆየን) ከፍቶ በብርጭቆ ቀድቶ፣ ሞልቶ ስለፈሰሰበት ግማሹን መልሶታል። በዓይኔ አየሁት። ምን እላለሁ፣ የአባቴ ታላቅ ነው። ያንኑ ማታ ጨርሱልኝ ብዬ ለመንኩ፣ የቀረውን ጥቂት ለማየት ያህል አስቀመጥኩት። በማግስቱ ረፋድ ላይ አፍንጫ ይወጋል።

ጀሪካኑ ከሁሉ ይገርማል። በአሥር ቀኑ ስከፍተው ጥርት ያለ፣ ሲቀዳ ሽው የሚል። ግን ጭሱ የለም። አማቾቼ ጠጥተው "ጥሩ ነው፣ ምነው ወይራው ጠፋ" አሉ። ፕላስቲክ እንዴት ይታጠናል?

ኬሚስቱ
አይታጠንም፣ ይቀልጣል። የሚቀጥለውን መጀመሪያ በታጠነ እንስራ አፍዪውና ከዚያ ገልብጪው፣ ጭሱን ይዞ ይመጣል።

የእትዬ_ቤት
እናቴ ስለ አጎትሽ ስነግራት "አጎት ካለ ጋኑ ላይ ተቀመጪበት" አለች። ደግሞ አተላውን ደፋሽው ወይስ ቅራሪ አወጣሽለት ትላለች?

ሽምብጥ_ዳር
ቅራሪ አውጥቼለታለሁ እማማ፣ ልጆቹ በብሶ ጨርሰውታል። የቀረውን አተላ የጎረቤት በግ በላ። ትናንት አጥሩን ጥሶ ተመልሶ መጣ።